የቫይረስ ቅርፊት በሴል ውስጥ የሚገጣጠምበትን ሂደት በእኩልታ እንዴት እንዳጠናሁ

ሀዋሳ ላይ ለማስተርስ ዲግሪዬ የመረጥሁት ርዕስ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ቅርፊት፣ ማለትም የዘር ቁሱን የሚጠቀልለው የፕሮቲን ሽፋን፣ አገጣጠም ነበር። የሂሳብ ተማሪ ስለ ጉበት ቫይረስ ምን አገባው የሚሉ ቢኖሩም፣ ጉዳዩ ከሥሩ የጂኦሜትሪና የፍጥነት ጥያቄ ነው። ቅርፊቱ የሚሠራው ከአንድ ዓይነት ፕሮቲን ሲሆን፣ ፕሮቲኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጡና በ120 ጥንዶች ትልቁ፣ በ90 ጥንዶች ደግሞ ትንሹ ቅርፊት ይዘጋል።

120 ጥንዶችን በቀጥታ በእኩልታ መከተል መካከለኛ ቅርጾቹ ከቁጥር በላይ ስለሚሆኑ አያዋጣም። ስለዚህ የቫይረስ ቅርፊት አገጣጠም ተመራማሪው አዳም ዝሎትኒክ እ.ኤ.አ. በ1994 ካቀረበው ቀለል ያለ ሞዴል ተነሣሁ፤ በዚህ ሞዴል ቅርፊቱ ባለ አምስት ጎን በሆኑ 12 ክፍሎች ይዘጋል። ሁለት ክፍሎች ሲገናኙ የሚነካኩት በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይላቀቃሉ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ይነካል፤ የመጨረሻው ግን በአምስቱም ጎኖቹ ስለሚያዝ በቀላሉ አይነቀልም። የመላቀቅ ፍጥነቱ በንክኪዎቹ ብዛት ልክ በኤክስፖኔንሻል (አንድ ንክኪ በተጨመረ ቁጥር በእጥፍ እጥፍ) ስለሚቀንስ፣ በእኩልታዎቹ ውስጥ ያሉት ፍጥነቶች እጅግ የተራራቁ ናቸው። በዚህ ምክንያት እኩልታዎችን በትንንሽ የጊዜ እርምጃ የሚፈታው የተለመደው የሩንጌ ኩታ ዘዴ ላፕቶፔ ላይ ይንፏቀቅ ነበርና በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ወዳለውና ለተራራቁ ፍጥነቶች ወደሚስማማው ቢዲኤፍ ወደተባለው ዘዴ ዞርሁ። በየእርምጃው የክፍሎቹ ጠቅላላ ድምር እንዳልተለወጠ የሚፈትሽ መስመርም ጨመርሁ፤ ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው እርሱን ነው። መብራት ሲጠፋ ስሌቱ ካቆመበት እንዲቀጥል ውጤቱን በየጊዜው ፋይል ላይ ማስቀመጥም አይዘንጋ።

በክፍሎቹ መካከል ያለውን ትስስር ባጠነከርሁ ቁጥር ሙሉ ቅርፊቶች ይበዛሉ ብዬ እጠብቅ የነበረ ቢሆንም፣ ከተወሰነ ልክ በኋላ የሆነው ተቃራኒው ነው። ጅምሮች በአንድ ጊዜ ይፈሉና ነጻ ክፍሎቹን ተሻምተው ይጨርሳሉ፤ ሁሉም በጎዶሎ ይቀራሉ፤ እንዳይፈርሱና እንደገና እንዳይጀምሩ ደግሞ ትስስሩ አይለቃቸውም። በሙከራ ቱቦ ውስጥ ፕሮቲኑ በአንድ ጊዜ ስለሚጨመር ይህ ወጥመድ ቅርብ ነው። በሴል ውስጥ ግን ራይቦዞሞች ፕሮቲኑን ቀስ በቀስ ያመርታሉ። ይህን የምርት ፍጥነት የሚወክል ቁጥር በእኩልታው ውስጥ ሳስገባና ዝቅ አድርጌ ስይዘው፣ የተጀመሩት ቅርፊቶች አዲስ ጅምር ሳይበዛባቸው መዘጋት ቻሉ። እንዲያውም ከሥራው ሁሉ ያረካኝ ይህች አንዲት ቁጥር ያመጣችው ለውጥ ናት።

አንድ ሴል ውስጥ ያሉት ክፍሎች ጥቂት በሚሆኑበት ጊዜ አማካይ ብቻ ስለማይበቃ፣ የፊዚክስ ሊቁ ጊሌስፒ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው፣ እያንዳንዱ መገናኘትና መላቀቅ በዕጣ በሚወሰንበት የዕድል ስሌት ደግሜ ሞከርሁት። ጥቅል አዝማሚያው ባይለወጥም፣ የመጀመሪያው ቅርፊት የሚዘጋበት ጊዜ ከስሌት ስሌት በጣም ይለያይ ነበር። ሞዴሉ ቫይረሱ በቅርፊቱ የሚጠቀልለውን አር ኤን ኤ (የዘር መረጃውን የሚሸከመውን ሞለኪውል) አላካተተም፤ አር ኤን ኤው ፕሮቲኖቹን ወደ አንድ ቦታ ስለሚሰበስብ ጅምሩን ያፋጥናል፣ ቀጥዬ የምጨምረውም እርሱን ነው። ያም ሆኖ በሄፓታይተስ ቢ ላይ ከሚሞከሩት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ግጥጥሙን በመከልከል ሳይሆን ያለልክ በማጣደፍና ቅርጹን በማዛባት እንደሚሠሩ ሳነብ፣ ኮዱ ላይ ትስስሩን ሳጠነክር ካየሁት ውጤት ጋር ይቀራረብብኛል።