የድብርት ኪኒን ደስታ አይሰጥም

የድብርት መድኃኒት እንደምወስድ የሚያውቁ ወዳጆቼ «ደስ ደስ ያሰኝሻል?» ይሉኛል። አያሰኝም። የእኔ ፍሉኦክሰቲን ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ የነርቭ ሴል ለሌላው መልእክት ሲያስተላልፍ ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል ይለቃል፤ ከዚያ መልሶ ይሰበስበዋል። መድኃኒቱ ይህን የመሰብሰቢያ በር ይዘጋል። ሴሮቶኒኑም በሁለቱ ሴሎች መካከል ይቆያል።

እኔን የሚገርመኝ ጊዜው ነው። በሩ መዘጋት የሚጀምረው በሰዓታት ውስጥ ነው። ስሜት የሚሻሻለው ግን ከሳምንታት በኋላ። ድብርት «ሴሮቶኒን አነሰ» ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ በተሻለኝ ነበር። አንጎል ራሱን ቀስ እያለ ማስተካከል አለበት።

ለእኔ ቀድሞ የመጣው ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ነው። ሆድ ለምን ይረበሻል? ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማው ያለው አንጀት አካባቢ ነዋ! ሐኪሜ አስቀድማ ስለነገረችኝ አልደነገጥኩም። ለእያንዳንዱ ታካሚ ይህ ሊነገረው ይገባል፤ ጉዳቱ ከጥቅሙ ቀድሞ ሲታይ ተስፋ ያስቆርጣል።

ደግሞ እባካችሁ፣ ሲሻላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን ድንገት ማቆም ማዞር፣ መነጫነጭ፣ አንዳንዴም ጭንቅላት ውስጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት የመሰለ ስሜት ያመጣል። ይህን ሱስ የሚሉት አሉ። አልስማማም። ኪኒኑ አምሮኝ አያውቅም፤ መጠኑን ልጨምር የሚል ፍላጎትም የለኝም። ማቆም ካስፈለገ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ቀስ በቀስ መቀነስ ነው።