ወረቀቱ ላይ «የቆዳ ቁስል» ብቻ ይላል

ዛሬ ግማሽ ቀኔን አንድ ባዮፕሲ (ከታማሚ ተቆርጦ ለምርመራ የሚላክ ናሙና) በላው። አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ «የቆዳ ቁስል» ይላል። በቃ። ዕድሜ የለም፣ ቁስሉ የት የት እንደወጣ የለም፣ አፍ ውስጥ ይኑር አይኑር የለም። ይሄ ነገር ያናድደኛል። ቆዳ በማይክሮስኮፕ ብቻ አይነበብም።

ናሙናው በስሱ ተቆርጦ የተለጠፈበት መስታወት፣ ስላይዱ፣ ግን ያምራል (ናሙና ለሚመረምር ፓቶሎጂስት ማለቴ ነው)። የላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጡ ተሰንጥቋል። ከሥር አንድ ረድፍ ሕዋስ ቦታውን ይዞ ቀርቷል፤ ከላይ ያሉት ተላቀው፣ ክብ ክብ ሆነው ፈሳሹ ውስጥ ተበትነዋል። የቀረውን ረድፍ የሕክምና መጻሕፍት ከመቃብር ድንጋይ ጋር ያመሳስሉታል። ፔምፊገስ ቩልጋሪስ ጠረጠርኩ። ሰውነት ሕዋሶቹን የሚያያይዘውን ዴስሞግሌይን የተባለ ፕሮቲን ራሱ ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። በየቀኑ አያጋጥምም።

ጋውኔን እንደለበስኩ ዋርድ ሄድኩ። ታማሚዋ ከአጋሮ በኩል የመጡ እናት ናቸው።

«እማማ፣ መጀመሪያ የት ነው የጀመረዎት?»

«አፌ ውስጥ ነው ልጄ። ምች ነው ብለውኝ ዳማከሴ ስቀባ ከረምኩ። በርበሬ ከቀመስኩማ ቆየሁ።»

ደረታቸው ላይ ውሃ የቋጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ልል ነው፣ ትንሽ ሲነካ ይፈርጣል። አጠገቡ ያለውን ጤነኛ የሚመስል ቆዳ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ገፋ ሳደርገው ተላጠ። «ውይ!» አሉ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይህን ምልክት ሩሲያዊው የቆዳ ሐኪም ኒኮልስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 ነው የገለጸው፤ ዛሬም ጣት ብቻ ይበቃዋል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው ሌላ ሕመም፣ ፔምፊጎይድ፣ ሲሆን ግን ውሃው ወጠር ይላል፤ ስንጥቁም ከላይኛው ሽፋን ሥር ነው። ሁለቱን የቆዳ ሐኪሙ ዋልተር ሊቨር እ.ኤ.አ. በ1953 በማይክሮስኮፕ እስኪለያቸው ድረስ ይቀላቀሉ ነበር።

ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ይጀመርላቸዋል፤ ስኳርና ግፊታቸውም ይታያል። ስቴሮይድ ከመምጣቱ በፊት አብዛኛው ታማሚ ይሞት ነበር። መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቋርጡ አደራ አልኳቸው። «ቡናስ?» አሉኝ። ጅማ ላይ ቡና የሚከለክል ልብ የለኝም፤ «ቀዝቀዝ አድርገው» አልኳቸው።

ናሙናውን የወሰደው ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) እጁ ጎበዝ ነው። አዲስ ከቋጠረው ጠርዝ ላይ፣ ጤነኛውን ቆዳ ጨምሮ ነው የወሰደው። ከቆየ ቁስል መሃል ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላይም ነበር። ደውዬ መጀመሪያ አመሰገንኩት። ከዚያ ስለ ወረቀቱ ነገርኩት።