ፒንግ ደህና ነው እያልን ሁለት ወር የተጨቃጨቅንበት መስመር

ደሴና ኮምቦልቻ ሁለት ቢሮ አለን፣ የመስሪያ ቤቱን ስም ተዉት። ደሴ 6 ኮምቦልቻ 9 ያረጁ ሰርቨሮች ነበሩንና አያይዘን እንደ አንድ ማሽን እንጠቀምባቸው አልን፣ ግሪድ ኮምፒውቲንግ የሚሉት ነገር ማለት ነው፣ ስራው ደሴ ይገባል፣ ነፃ የሆነው ማሽን ያነሳዋል፣ ውጤቱ ይመለሳል። ስራ የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር ኤችቲኮንዶር ነው፣ እሱ ብዙም አላስቸገረኝምና አላወራበትም። ያስቸገረኝ መሀል ያለው መስመር ነው።

የከፈልንበት 100 ሜጋ (በሰከንድ 100 ሜጋቢት) ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ፋይል በምልክበት ጊዜ 90 ምናምን ይሄዳል፣ ውጤቱ ሲመለስ ግን 30 ላይ ይንቀረፈፋል። ኮምቦልቻ ላለው ባልደረባዬ ደውዬ "ፍጥነቱ ወርዷል" እለዋለሁ፣ እሱ "አብሽር፣ ፖርቱ ላይ 100 ይላል፣ ፒንግም ደህና ነው" ይለኛል (ፖርት ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው፣ ፒንግ ደግሞ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ የሚለካ)፣ እኔ እናደዳለሁ፣ እሱም ይናደዳል፣ መስመሩን ለሚያቀርበው ድርጅት ስንደውል ደግሞ "ከእኛ በኩል ክፍት ነው" ይሉናል። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። አስቂኙ ነገር ሁላችንም ልክ ነበርን፣ ፍጥነት የምንለው ነገር ግን የተለያየ ነበር።

ይሄን ያስተዋልኩት አንድ የቆየ ሰነድ ሳነብ ነው፣ ጂኤፍዲ 23 ይባላል፣ ግሎባል ግሪድ ፎረም የሚባለው የግሪድ ባለሙያዎች ስብስብ በፈረንጆች 2004 ላይ ያወጣው (በ2006 ከኢንተርፕራይዝ ግሪድ አሊያንስ ጋር ተዋህዶ ኦፕን ግሪድ ፎረም የሆነው ማለት ነው)። ሰነዱ በአብዛኛው ስም ማውጣት ነው፣ መጀመሪያ ሳየው ለዚህ ነው እንዴ ሰው የሚሰበሰበው ብዬ ነበር። ባንድዊድዝን (መስመሩ በሰከንድ የሚያሳልፈውን ዳታ) ብቻ አራት ቦታ ይከፍለዋል፦ የመስመሩ ሙሉ አቅም፣ አሁን የተያዘው፣ የተረፈው፣ እና አንድ ፕሮግራም በተግባር ሊያገኘው የሚችለው። ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ነው የሚነግረኝ፣ እኔ የማማርረው በመጨረሻው። መዘግየትና የፓኬት (ዳታው ተቆራርሶ የሚላክበት ቁራጭ) መጥፋትንም ደርሶ መልስና በአንድ አቅጣጫ ብሎ ይለያቸዋል። ፒንግ ደርሶ መልስ ነው፣ የቱ ጋ እንደጠፋ አይነግርህም።

ከዚያ በሁለቱም ቦታ አንድ አንድ ትርፍ ኮምፒውተር ላይ ፐርፍሶናር የሚባል የመስመር መለኪያ ሶፍትዌር ጫንን። በነፃ የሚገኝ ነው፣ ኢኤስኔት፣ ጂአንት፣ ኢንተርኔት ቱ የሚባሉት የምርምር ኔትወርኮችና ሌሎችም አብረው የሚሰሩት፣ የሰርንን (የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል) ዳታ የሚያከፋፍለው ግሪድ ራሱ በሱ ነው መስመሩን የሚከታተለው። ጥሩነቱ የፍጥነት ቴስቶችን ተራ ያስይዛቸዋል፣ እኔ በእጄ አይፐርፍ የሚባለውን ፍጥነት መለኪያ ሳስነሳ ባልደረባዬም ያንኑ ሰዓት እያስነሳ ቁጥሩን ስንበክል ነው የከረምነው። ፋየርዎሉ ላይ ግን ግማሽ ቀን በላን፣ 861 የሚባለውን የፖርት ቁጥር (ፕሮግራሞች የሚገናኙበት ቁጥር እንጂ የገመድ ቀዳዳው አይደለም) ብቻ ከፍቼ ለምን አይሰራም እያልኩ፣ ለካ ፓኬቶቹ የሚሄዱት ከ8760 እስከ 9960 ባለው ነው።

የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መዘግየት ከዜሮ በታች። ማለት ፓኬቱ ሳይላክ ደረሰ! ባልደረባዬ "እናንተ ደሴዎች ሁሌ ትቸኩላላችሁ" ብሎ ሳቀብኝ። ጉዳዩ ሰዓት ነው፣ በአንድ አቅጣጫ የምትለካ ከሆነ የሁለቱም ማሽን ሰዓት መግጠም አለበት፣ የኔው ሰርቨር ደግሞ የቦርዱ ባትሪ ሞቶ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይስታል። ባትሪ ቀይሬ ክሮኒ የሚባለውን ሰዓት የሚያስተካክል ፕሮግራም አስተካከልኩ፣ በማግስቱ ቁጥሩ ሰው መሰለ።

አሁን ዋናው። ቴስቱ በሰከንድ 10 ትንንሽ ፓኬት ይልካል፣ በሰዓት 36,000። ወደ ኮምቦልቻ የጠፋ ዜሮ፣ ወደ ደሴ በሰዓት 2 ወይም 3። ይሄ ምን ይጎዳል ብዬ ልተወው ነበር። ኋላ ግን ፓኬቱን እንደ እውነተኛ ፋይል ወደ 1400 ባይት አሳበጥኩት፣ የጠፋው በሰዓት ወደ 36 አካባቢ ዘለለ። ትንሽ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ሳያገኘው ያልፋል፣ ትልቁ ግን ቢቶቹ ብዙ ስለሆኑ አንዷ ከተበላሸች ሙሉው ይጣላል፣ ፒንጋችን ደህና የነበረው ለዛ ነው። 36ቱ ከሺህ 1 ፓኬት ማለት ነው። ቲሲፒ (ፋይል የሚላክበት የኢንተርኔት ደንብ) ደግሞ ፓኬት በጠፋበት ቁጥር ደንግጦ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በፈረንጆች ከ1997 ጀምሮ የሚታወቅ ቀላል ስሌት አለ፣ የፓኬቱን መጠን ለደርሶ መልስ ጊዜው አካፍል፣ ያንን ደግሞ ለጠፋው ድርሻ ስኩዌር ሩት። በእኛ መስመር 1460 ባይትና 10 ሚሊ ሰከንድ ሲገባ 37 ሜጋ ገደማ ይሰጣል። እኛ 30 አካባቢ ነበርን፣ በቃ ገጠመ።

የት ነው የሚጠፋው? እዚህ ላይ ነው ኤንኤምኤል የገባው፣ ይኸው ፎረም በፈረንጆች 2013 ላይ ያወጣው ኔትወርክ መግለጫ ቋንቋ። ኖድ (ማሽኑ)፣ ፖርት፣ ሊንክ (መስመሩ) እያልክ ፋይል ላይ ትጽፋለህ፣ ፖርትም ሊንክም ባለአንድ አቅጣጫ ነው፣ ሁለት አቅጣጫ ከፈለግክ ሁለቱን ጥንድ አድርገህ ትገልጻለህ። ሲያዩት የሚያደክም ነው፣ እኔም ተነጫንጬበታለሁ። ግን መግቢያና መውጫውን ለየብቻ ለመጻፍ ስል ራኩ (የሰርቨሮቹ መደርደሪያ) ስር ተንበርክኬ በስልክ መብራት ገመዱን በጣቴ እየተከተልኩ ሳይ፣ ስዕላችን ላይ ፖርት 3 የተባለው ፋይበር ፖርት 7 ላይ ተሰክቷል። ሁለት ወር ሙሉ የማንም ያልሆነ ፖርት ቆጣሪ ነበር የማየው! 7ን ስከፍተው የሲአርሲ ስህተቱ (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ) ዓይኔ እያየ ይቆጥራል፣ መቀበያው ላይ ብቻ።

ፋይበሩ ጥንድ ነው፣ አንዱ ክር ይልካል አንዱ ይቀበላል። የሚቀበለውን ነቅዬ ጫፉን በማጉያ ሳየው ቆሽሿል። ያቆሸሸው ማን መሰላችሁ፣ እኔ ራሴ፣ ራኩን ከመስኮቱ ስር ሳዛውር ክዳን ሳላደርግ አንጠልጥየው ቡና ልጠጣ የሄድኩት። ያኔ ነው ከ3 ወደ 7 ያዛወርኩትም፣ ስዕሉን ሳላስተካክል። በፋይበር መጥረጊያ ሁለት ጊዜ ጠረግኩት፣ መለስኩት፣ ቆጣሪው ቆመ፣ መመለሻውም 93 ሜጋ ሆነ። ለአቅራቢው ድርጅት ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ የተቀበለችኝ ልጅ ስለምን እንደማወራ አልገባትም።

አሁን ገመድ የነካ ሰው መጀመሪያ የኤንኤምኤል ፋይሉን ያስተካክላል፣ ከዚያ ነው የሚነቅለው፣ ባልደረባዬም ስደውልለት "የትኛው ፍጥነት?" ይለኛል። እሱ በኩል ግን ፋይሉ ገና ግማሽ ነው፣ ቅዳሜ የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ አብረን ራኩ ስር እንገባለን ተባብለናል፣ ማጉያውን ይዤ።