ፀሐይ የማታየው ግድግዳ

የምሠራው በአንድ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ሥዕል እሰቅላለሁ፣ አወርዳለሁ፣ መብራት አስተካክላለሁ። ወደ እኛ ከሚመጣው ሰው ብዙው የሚመጣው ሕንፃውን ለማየት ነው። አይፈረድበትም። አዲሱ ክንፍ ከላይ እስከ ታች በአይዝጌ ብረት የተለበጠ ነው። ብረቱ ነፋስ እንደገባበት ሸራ አንዴ ይነፋል፣ አንዴ ይሰረጉዳል። ደመና ሲያልፍበት ሕንፃው ራሱ የሚራመድ ይመስላል። ስንት ዓመት በየጠዋቱ አይቼው እስካሁን አልሰለቸኝም።

አንድ ጊዜ የወረቀት ሥራዎችን ልናሳይ ተዘጋጀን። አብዛኞቹ በውሃ ቀለም የተሠሩ፣ በውሰት የመጡ ናቸው። የውሃ ቀለም ብርሃን አይችልም። በእኛ ሙያ የተለመደው ልክ 50 ሉክስ ነው፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ከውጭ የገባ ሰው ዐይኑ እስኪለምድ ክፍሉ የጨለመ ይመስለዋል። ጎብኚዎች ስለዚህ ያማርራሉ፤ እኔም ሁሌ አስረዳለሁ። የተቀደደ ወረቀት ይጠገናል፣ የቆሸሸም ይጸዳል። በብርሃን የለቀቀ ቀለም ግን አይመለስም። ደግሞም ጉዳቱ ይጠራቀማል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያለ ይደመራል።

ስለዚህ የመረጥነው መስኮቱ ፀሐይ ወደማትዞርበት አቅጣጫ የሚያይ ክፍል ነበር። የሕንፃው ፕላንም ወደዚያ ክፍል ቀጥተኛ ፀሐይ እንደማይገባ ያሳያል። ሰቅለን የጨረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። እያንዳንዱን ሥዕል በመለኪያ አየሁ። ጥግ ያለችው 48 ሉክስ አለች። ጽፌ ፈረምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት የክፍሉ ጥበቃ ጠሩኝ። በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው።

«ልጄ፣ ያቺ ጥግ ያለችው ሥዕል ላይ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ታርፍባታለች።»

«እትዬ፣ በዚህ በኩል እኮ ፀሐይ አትገባም። መስኮቱ የዞረው ወዲያ ነው» አልኳቸው።

አልተከራከሩኝም። ዝም ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። እኔም ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ ጠዋት 3 ሰዓት ከ40 ላይ መሰላል ይዤ በዚያ ሳልፍ ቆም አልኩ። ግድግዳው ላይ ብርሃን ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ የመታችው የሳፋ ውሃ ጣሪያ ላይ የሚጥለውን ዓይነት፣ ዳሩ የሚወላገድ ብርሃን። ግማሹ ሥዕሏ ላይ ነበር። ዞሬ በመስኮቱ ስመለከት ከሰማይ የመጣ ነገር የለም። የመጣው ከፊት ለፊቱ ክንፍ ነው። የብረቱ ስርጉድ ቦታ የጠዋት ፀሐይን ሰብስቦ ቀጥታ ወደ እኛ ይልካታል።

በጣም ያንገበገበኝ ነገሩን አስቀድሜ ማወቄ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፍራንክ ጌሪ የነደፈው የዋልት ዲዝኒ የሙዚቃ አዳራሽ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲከፈት፣ ከፊሉ ልባጥ እንደ መስታወት የተወለወለ ነበር። የጎበጠው ብረት ነጸብራቁን አጠራቅሞ ጎረቤት ያሉ መኖሪያ ቤቶችንና የእግረኛ መንገዱን አጋለ። በ2005 ያንን ክፍል ሞርደው አደበዘዙት። ይህን ታሪክ ለጎብኚ ስንት ጊዜ አውርቻለሁ! የእኛም ብረት እንደዚያ ሊያደርግ ይችላል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

መለኪያውን አምጥቼ ሥዕሏ ላይ ያዝኩት። 12 ሺህ ሉክስ። ብርሃኑ እዚያ የሚቆየው 20 ደቂቃ ያህል ነው። ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል፦ ያ 20 ደቂቃ በ50 ሉክስ 80 ሰዓት ከመብራት ጋር እኩል ነው። በቀን 8 ሰዓት ክፍት ለሆነ ክፍል ይህ የ10 ቀን ብርሃን ነው። እትዬ ከነገሩኝ በኋላ አምስት ፀሐያማ ጠዋቶች አልፈዋል። የ50 ቀን ብርሃን ማለት ነው፣ «አትገባም እኮ» ስላልኩ ብቻ።

ሥዕሏን ወዲያው አወረድናት። የጥገና ባለሙያዋ ፍሬሙን ፈታ፣ ዙሪያውን የሚሸፍነውን ወረቀት ስታነሳ፣ ተሸፍኖ የቆየው ጠርዝ ላይ ያለው ሮዝ ቀለም ከመሃሉ ትንሽ ደመቅ ብሎ ታየ። ከዚህ ውስጥ የትኛው የድሮ፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ለባለቤቱ ራሴ ደወልኩ። የሆነውን ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ረጅምና ከባድ ጥሪ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ ሕንፃውን የሚወቅስ በዛ። እኔ አልተስማማሁም። የኒው ዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም ገና ሳይከፈት፣ በ1956 እ.ኤ.አ.፣ 21 ሠዓሊዎች የነዳፊው የፍራንክ ሎይድ ራይት ጠመዝማዛ መተላለፊያና ዘመም ያለ ግድግዳ ለሥዕል አይሆንም ብለው ደብዳቤ ፈርመዋል። በ1959 ሲከፈት ዳይሬክተሩ ሥዕሎቹን ከግድግዳው ወጣ ባሉ የብረት ዘንጎች ላይ አስቀመጣቸው። ኬፕ ታውን ያለው ዘይትስ ሙዚየም ደግሞ የእህል ጎተራ ነበር። ከሲሚንቶ የተሠሩ 42 ረጃጅም ቱቦዎች ናቸው። መሃሉን ፈልፍለው ድንቅ አዳራሽ አወጡበት፤ ለሥዕል ግን ቀጥ ያለ ግድግዳ ያላቸው ክፍሎች ሠሩ። ጠባይ ያለው ሕንፃ ጠባዩን ለሚያውቅ ሰው ይመቻል። የእኛን ጠባይ ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቁት ቀኑን ሙሉ ውስጡ የሚቀመጡት ጥበቃዎች ናቸው። በስብሰባ ላይ ግን ጠርተናቸው አናውቅም።

እትዬን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ሥዕሏ ተረፈች ወይ?» አሉኝ፣ ሌላ ነገር አላሉም።

መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተደረገ። በየጥበቃው ወንበር አጠገብ አንድ ደብተር ተቀመጠ። አሁን ሥዕል ከመስቀላችን በፊት ባዶውን ክፍል ከጥበቃው ጋር እንዞራለን። ባለፈው ላይኛው ፎቅ ላይ ከእትዬ ጋር ስንዞር አንድ ግድግዳ ጋ ደርሰው ቆሙ። ጣታቸውን ትከሻቸው ልክ አሳረፉ።

«እስከዚህ ትመጣለች። ወራቱ ሲገፋ ደግሞ ዝቅ ትላለች፣ እስከዚህ።»

እርሳሴን አውጥቼ ሁለቱንም ቦታ ምልክት አደረግኩ።