ባዶ ስኒ

ታኅሣሥ 17፣ ከሰዓት በኋላ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ያለ ምክንያት ሆድ ብሶኛል። ምስር ልለቅም ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ቴሌቪዥኑን ስከፍተው አንዱ የአረብ ጣቢያ የፈረንጅ ገና ፊልም ጀምሯል። ታውቋቸዋላችሁ። ከተማ ውስጥ ሥራ ሥራ ስትል የኖረች ልጅ ለበዓል ወደ ትውልድ መንደሯ ትመለሳለች። የልጅነት ጓደኛዋ ሚስቱ ሞታበታለች። አንድ ዳቦ ቤት ሊዘጋ ነው። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ይሳሳማሉ፣ በረዶ ይወርዳል። እኔ በጾም ምስር እለቅማለሁ፣ እነሱ ብስኩቱን በቅቤ ያቦካሉ።

እኔን የሚያናድደኝ ስኒው ነው። ቡና ይዘው ይሮጣሉ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ያወራሉ፣ ጠብ የሚል የለም። ባዶ ነዋ! አፋቸው ላይ ሲያስጠጉትም ጉሮሯቸው አይንቀሳቀስም። እማዬ አንዴ አይታ «እነዚህ ልጆች ያፈላላቸው የለም?» ብላለች።

በረዶውም ያው ነው። ብዙዎቹ ካናዳ ውስጥ በሐምሌ ሙቀት ነው የሚቀረጹት፣ በሁለት ሦስት ሳምንት። አረፋና የወረቀት ብጥስጣሽ ይበተናል፣ ተዋናዩ በሱፍ ካፖርት ታፍኖ እጁን እያሻሸ በረደኝ ይላል። አቦ፣ የሰኔን ድሬ ለሚያውቅ ይሄ ትወና ሳይሆን ገድል ነው። በእንዲህ ያለ ፊልም የታወቀው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሆልማርክ ከእህት ጣቢያው ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 40 አዲስ የገና ፊልም አሳይቷል። ወላጅ ኩባንያው የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ አታሚ ነው። ካርድ ላይ ደግሞ የቤት ኪራይ አይጻፍም።

ይሄን ሁሉ አውቄ አለቀስኩ። የምሸነፈው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ እናትየው በሩን ስትከፍት። ቲኬት ተወደደ የለ፣ ፈቃድ ከለከሉኝ የለ። ልጅቷ መኪናዋን አቁማ ሻንጣዋን ትጎትታለች፣ አለቀ።

እቴቴ «ዘንድሮስ ለቁልቢ አልቀርም» ካለች ስንት ታኅሣሥ አለፈ? ከነገ ወዲያ 19 ነው። ከዚራ ሰፈር በእንግዳ ተሞልቷል፣ እኛም ሳሎን ፍራሽ ዘርግተናል፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ተደራርበው ነው የሚተኙት። ጥግ ያለውን ፍራሽ ግን እማዬ ለማንም አትሰጥም። አንጠይቃትም።

ልናዘዝ? ፊልሙን ስመለከት ዓይኔ ከተዋንያኑ ኋላ ነው፣ መንገድ የሚያቋርጡት ላይ። ጥቁር ሴት ካለፈች ልቤ ድንግጥ ይላል። እቴቴ ያለችው ቶሮንቶ፣ ይሄኛው የተቀረጸው ቫንኩቨር፤ በመሀላቸው ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ደግሞ የድሬ ልጅ፣ በሐምሌ የሱፍ ካፖርት ለብሳ!

ለነገሩ ያቺ ልጅስ ሥራዋን ምን አደረገችው? ከበዓሉ በኋላ፣ ያ ሁሉ መብራት ሲወርድ፣ ከዚያ ሰውዬ ጋር ስለምን ያወራሉ? እሱን ማንም አላሳየንም።

ምስሩ... ዓይኔን ልጠርግ ስል የለቀምኩትን ጠጠር መልሼ ሰፌዱ ላይ ዘርግፌዋለሁ። እንደገና ልለቅም ነበር፣ ሁለተኛው ፊልም ጀመረ። ነገ ምሳ ላይ ጥርሱ ቀጭ ያለበት እንግዳ ቢኖር እኔ አላየሁም።