አባዬ ቡና ላይ ዝም ሲሉ

ለፋሲካ ፍኖተ ሰላም ወላጆቼ ዘንድ ነበርኩ። ገብቼ አረፍ ሳልል አባዬ «መቼ መጣህ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ምሳ ላይ ደገሙት፣ ከምሳ በኋላም ደገሙት። እማዬ ከጓዳ ሆና «ተዋቸው ልጄ፣ አባትህ ጃጅተዋል» አለች። ሰፈሩም እንደዚያ ነው የሚያየው፤ ሰው ካረጀ ይጃጃል፣ ምን ይደረጋል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቡናው ላይ ያየሁት ነው። ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ሰው በጤፍ ዋጋ ይከራከራል። አባዬ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም። ድሮ ጨዋታውን የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። የቅኔ ተማሪ ደግሞ በወረቀት አይደለም የሚሠራው፤ ዛፍ ሥር ወይ ጫካ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን በሐሳቡ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውልና መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይነግራል፣ ይታረማል። ያ ሁሉ የሠራ ጭንቅላት ጥግ ይዞ ሲቀመጥ ማየት አንጀት ይበላል።

ቶናው ሲደርስ እማዬ ጠራቻቸው። አልዞሩም። ሲኒውን እንደዘረጋች ቆየች። እኔ ተነሥቼ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ጠጋ ብዬ «አባዬ፣ ቡና» ስል ወዲያው እጃቸውን ዘረጉ። ያኔ ነው የገባኝ። አይሰሙም ማለት ነው! ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ከቤቱ ማንም አያውቅም።

ከበዓሉ በኋላ እኔ ወዳለሁበት ባሕር ዳር ይዣቸው ሄድኩና አስመረመርኳቸው። ሐኪሙ የነገረኝን አልረሳውም፦ «መርሳቱ አለ፣ አልዋሽህም። ግን ያልሰሙትን ነገር እንዴት ያስታውሱት?»

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። እስካሁን የመርሳት በሽታን የሚያድን መድኃኒት የለም። ግን በ2024 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ባወጣው ጥናት ላይ፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮች ቢስተካከሉ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል። አንዱ የመስማት ችግር ነው። ጆሮ ሲደክም አእምሮ የሚደርሰው ድምፅ ይቀንሳል፣ የተቆራረጠውን ለመያዝ ሲታገል ይደክማል፣ ሰውየውም ቀስ እያለ ከሰው ይርቃል። ብቸኝነትም ራሱ ከ14ቱ አንዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 በሆኑ ሰዎች ላይ በተሠራና በ2023 በወጣ ጥናት፣ የመስሚያ መሣሪያ ማድረግ በጠቅላላው ብዙ ለውጥ አላሳየም፤ ለመርሳት በሽታ ይበልጥ ተጋላጭ በነበሩት አረጋውያን ላይ ግን የአእምሮን መድከም በ3 ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ቀንሶታል። ለአባዬ ተስፋ ያደረግኩት ይቺን ነው።

የተቀሩት ብዙዎቹ ሰፈራችን ውስጥ ያሉ ናቸው። ስኳር፣ ሲጋራ፣ ከልክ ያለፈ አረቄ፣ በጊዜ ያልታከመ የዓይን ሞራ፣ ጭንቅላት ላይ የሚደርስ አደጋ (ሞተር የምትነዱ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ሄልሜት አድርጉ)። የአየር ብክለትም አለበት። እሱን ሳነብ ዕድሜ ልኳን ጭስ ውስጥ የጋገረችው እማዬ ናት ትዝ ያለችኝ። አሁን የጓዳውን ጣሪያ ከፍተን ጭስ መውጫ ሠርተንላታል።

ደም ብዛት ጋ ስደርስ ግን ወረቀቱ ስለ እኔ የሚያወራ መሰለኝ። 47 ዓመቴ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት መድኃኒት ታዞልኝ አንድ ወር ወሰድኩና ምንም አላመመኝም ብዬ ተውኩት። አባዬን ባስመረመርኩ ቀን እኔም ተለካሁ፣ 158 በ96። ደም ብዛት ሳያሳምም ነው የሚሠራው፤ የአእምሮን ጥቃቅን የደም ሥሮች ለዓመታት ሲጎዳ ይኖርና በእርጅና ይታያል። ጥንቃቄው መጀመር ያለበት ደግሞ ከ40ዎቹ ነው፣ በ75 ዓመት አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ ያባከንኩት ጊዜ ነው፣ ያንገበግበኛል።

አሁን ኪኒኔን በየቀኑ እውጣለሁ። ጨው ቀንሻለሁ፤ ሹሮው መጀመሪያ አልዋጥ ብሎኝ ነበር፣ ለምጄዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር እሄዳለሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው የሚለው። ወንድሜ ከውጭ «ለማስታወስ ይረዳል» ብሎ ቫይታሚን ልኮልኝ ነበር። ወንድምዬ ተባረክ፣ ግን ድርጅቱ ቫይታሚን ቢም ኢም ኦሜጋ 3ም ለዚህ ተብለው እንዲወሰዱ አይመክርም። ቀጣዩን ብር ለአባዬ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ ላክልኝ።

መሣሪያውን መጀመሪያ ላይ ጠልተውት ነበር። ሲኒ ሲንኳኳ ይረብሻቸዋል፣ አውልቀው ኪሳቸው ይከቱታል። እማዬ ሳትሰለች እየመለሰች ታደርግላቸዋለች።

ባለፈው እሑድ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «መቼ መጣህ?» አሁንም ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። ቡናው ሲፈላ፣ ልጅ ሆኜ ያስጠኑኝን አንድ ጉባኤ ቃና በቃሌ ማለት ጀመርኩ። ሁለት ቤት ብቻ ነው፣ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ላይ ስደርስ አባዬ ሲኒያቸውን አስቀምጠው እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ልጄ» አሉ። «ቤት አልመታልህም። ከመጀመሪያው በለው።»