ከማዘዝ በኋላ መጠየቅ፦ የጂፒኤስ ሰዓት መሣሪያን በትዕዛዝ መስመር ማዋቀር

ጅማ ውስጥ በምሠራበት ቢሮ የሰርቨሮቹን ሰዓት የሚያስተካክል፣ ጊዜውን ከጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚቀበል መሣሪያ አለ። ፊቱ ላይ የሚነካ ቁልፍ ስለሌለው የሚዋቀረው በሲሪያል ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዞ፣ ተርሚናል ላይ በሚጻፍ ትዕዛዝ ብቻ ነው። ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ አንቴናውን ዛፍ ወደማይጋርደው የጣሪያው ጫፍ ስላዛወርነው እንደገና ላዋቅረው ተቀመጥኩ።

መሣሪያው የሚሠራው ኤስሲፒአይ በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የመለኪያ መሣሪያዎች የትዕዛዝ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ትልቁን ሥራ የሚሠራው የጥያቄ ምልክት ነው። ትዕዛዙ በጥያቄ ምልክት ካለቀ መሣሪያው የያዘውን ዋጋ ይናገራል፤ ካልሆነ የተሰጠውን ተቀብሎ ዝም ይላል። ችግሩ ግን ሳይቀበልም ዝም ማለቱ ነው። ስህተቱን በውስጡ መዝግቦ በ«ሲስተም ኤረር?» እስኪጠየቅ ድረስ ይጠብቃል። ዜሮ ከመለሰ ስህተት የለም፤ -113 ካለ የትዕዛዙን ስም አላወቀውም፤ -222 ካለ ዋጋው ከተፈቀደው ወሰን ውጭ ነው።

ይህን ያስተዋልኩት የአንቴናውን ኬብል መዘግየት ሳስገባ ነው። ምልክቱ ከጣሪያው እስከ መሣሪያው ሲወርድ ጊዜ ይፈጅበታል፤ መሣሪያው ይህን እንዲያውቅ ካልተደረገ ሰዓቱ ሁልጊዜ በዚያው መጠን ወደ ኋላ ይቀራል። በእኛ ኬብል ውስጥ ምልክቱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት 66 በመቶ በመሆኑ አንድ ሜትር ለመሄድ 5.05 ናኖሴኮንድ (የሴኮንድ ቢሊዮንኛ) ያህል ይወስድበታል። ኬብሉን ኮሪደሩ ላይ ዘርግቼ ስለካው 30 ሜትር ሆነ፤ ሲባዛ ወደ 152 ናኖሴኮንድ ይመጣል። 152 ብዬ አስገባሁ፤ መሣሪያውም ዝም አለ። ስህተት እንዳለ ስጠይቀው ግን -222 መለሰልኝ። ለካ የሚቆጥረው በሴኮንድ ኖሮ 1.52ኢ-7 (1.52 ለ10 ሚሊዮን ሲካፈል ማለት ነው) ተብሎ መጻፍ ነበረበት።

አንቴናው ቦታ ከቀየረ አቀማመጡም እንደ አዲስ መለካት አለበት። መሣሪያው ቦታውን በትክክል ካወቀ በአንድ ሳተላይት ብቻ ጊዜን መያዝ ይችላል፤ የቀድሞውን ቦታ እንደያዘ ከቀረ ግን የ3 ሜትር ስህተት እስከ 10 ናኖሴኮንድ ያህል ሊያዛባው ይችላል። ልኬቱ ሲያልቅ የመለሰውን ቁጥር ማየት ይገባል፤ ጅማ ላይ ኬክሮሱ ከ7 ዲግሪ ሰሜን፣ ኬንትሮሱ ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ መጀመር አለበት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተርሚናሉ የእኛን ሰዓት እንዲያሳይ በማሰብ ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ 3 ሰዓት እንድንቀንስ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ዩቲሲ 12:00 ሲል እኛ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ነገር ግን ሰርቨሮቹ የሚጠብቁት ዩቲሲን ስለሆነ የሁሉም መዝገብ በ3 ሰዓት ይዛባ ነበር። የእኛን አቆጣጠር ማሳየት የኮምፒውተሩ ገጽ ሥራ ነው፤ መሣሪያው በዩቲሲ ይቆይ። የጂፒኤስን የጊዜ ልክም አትምረጡ፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዩቲሲ በ18 ሴኮንድ ይቀድማል።

በመጨረሻ መሣሪያውን ሆን ብዬ አጠፋሁት፤ እዚህ መብራት ሳይታሰብ ስለሚጠፋ ያስገባሁት ዋጋ መቀመጡን ሳላይ ልተወው አልፈለግኩም። እንደገና ሲነሣ የኬብሉን መዘግየት ጠየቅሁት፤ 1.52ኢ-7 ሲል መለሰልኝ።